«ገዳዩ» ወይስ «ገዳይዋ»? ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ከጎንደር የደረሱን ጥያቄዎች

ክረምቱ ሲጠና ጎንደር ላይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ከቤት የሚያስወጣ ጉዳይ እምብዛም አይኖርም። በዚህ የተነሣ ይመስለናል፣ ነሐሴ ሲጋመስ ወደዚህ አምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ፊልም ናቸው። የዘንድሮዎቹ ድራማዎችንና ልብ አንጠልጣይ ፊልሞችን (አንዳንዶቻችሁ «ልብ ሰቃይ» ትሏቸዋላችሁ) የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ከጓደኛቸው ጋር የያዙትን ክርክር እንድንዳኛቸው የጻፉ ናቸው። ዳኝነቱን ተቀብለናል፤ ቅር የሚሰኝ ወገን ይግባኝ ማለት ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ተማሪዎች ነን። ባለፈው ቅዳሜ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበን የወንጀል ፊልም ስናይ፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊልሙ ራሱ አሳየን። ሁለቱ ጓደኞቼ «አለቀ እኮ፤ ከዚህ በኋላ ምን ልንጠብቅ ነው?» ብለው ተነሥተው ሄዱ። እኔና አንደኛው ግን እስከ መጨረሻው ጥፍራችንን እየበላን አየነው። ገዳዩ አስቀድሞ የታወቀበት ፊልም ልብ አንጠልጣይ ሊባል ይችላል? (ከማራኪ)

መልስ፦ ክርክሩን የረታችሁት የቀራችሁት ሁለታችሁ ናችሁ፤ የተነሡት ጓደኞቻችሁም ግን ያለ ምክንያት አልተነሡም። እነርሱ የመጡት እንቆቅልሽ ሊፈቱ ነው። እንቆቅልሽ ደግሞ «አገር ስጠኝ» ተብሎ አገሩ ከተሰጠና መልሱ ከተነገረ በኋላ ያልቃል፤ ጨዋታው ወደ ሌላ እንቆቅልሽ ይሻገራል። ልብ የሚያንጠለጥለው ነገር ከዚህ ይለያል። እርሱ የሚጀምረው ተመልካቹ የሚያውቀውን ነገር በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው ሳያውቅ ሲቀር ነው።

በልብ አንጠልጣይ ፊልሞቹ የታወቀው እንግሊዛዊ ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር እ.ኤ.አ. በ1962 ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ ይህን ልዩነት ያስረዳበት ምሳሌ ዛሬም በፊልም ትምህርት ቤቶች ይነገራል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ፈንጂ አለ። ተመልካቹ ስለ ፈንጂው ሳያውቅ ቢፈነዳ የሚያገኘው የአሥራ አምስት ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ፈንጂው ሲቀመጥ አይቶ፣ የሚፈነዳበትን ሰዓትም አውቆ፣ ከግድግዳው ላይ ሰዓቱ ሲቆጥር እያየ ከሆነ ግን ያው ተራ ወሬ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀዋል። የሰዎቹ ወሬ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ እውቀት ነው።

ነገሩን ወደ ቤታችን ብናመጣው እንዲህ ይሆናል። ቡና ተፈልቷል፤ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። ከእንግዶቹ አንዱ ዛሬ ማታ በመንገዱ ላይ ሰው እንደሸመቀበት እኛ አይተናል፤ እርሱ ግን አያውቅም። አቦሉን ጠጥቶ ሊነሣ ሲል እንሳቀቃለን። ባለቤቲቱ «ቶናውንስ?» ስትለው ይቀመጣል፤ ትንፋሻችን ይመለሳል። ቶናው ያልቃል። ቀጥሎ «በረካውን ሳትጠጣማ አትሄድም» የሚለው የዘወትር ግብዣ፣ በማንኛውም ቤት በማንኛውም ቀን የሚባለው ቃል፣ የሰውየው ነፍስ የተንጠለጠለበት ገመድ ይሆናል። አሳዳጅ የለም፣ የተተኮሰ ጥይት የለም፤ ያለው ሦስት ስኒ ቡናና አንድ የምናውቀው ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ትዕይንት የሚጽፍልን ደራሲ ቢገኝ ከመኪና ግጭት ሁሉ እንመርጠው ነበር።

ከአገራችን ፊልሞች ለዚህ ምሳሌ የምንጠራው የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» ነው። ፊልሙ የተመሠረተበት ሥርዓት የታወቀ ነው፤ በቀድሞው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ማን ከሳሽ ማን ተከሳሽ እንደሆነ የሚደበቅ ነገር የለም። ግን የሚጠላሉ ሁለት ሰዎች አብረው መራመድ፣ አብረው መብላት፣ አብረው መተኛት ግድ ሲሆንባቸው፣ አንዱ በተገላበጠ ቁጥር የሌላው እንቅልፍ ይሰበራል። ቋጠሮው ራሱ ፈንጂው ነው።

ለተነሡት ጓደኞቻችሁ አንድ ነጥብ እንተውላቸው። ገዳዩን አስቀድሞ አሳይቶ፣ ከዚያ በኋላ ሩጫና ተኩስ ብቻ የሚያሳይ ፊልም ሞልቷል፤ ከእንዲህ ያለው ላይ መነሣት መብት ነው።

ጥያቄ፦ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ የሚቀርቡትን የቱርክ ድራማዎች ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ አያለሁ። ሁለት ነገር ያናድደኛል። አንደኛ፣ ሰዎቹ ሳይነጋገሩ እየተያዩ ብዙ ይቆያሉ። ሁለተኛ፣ ክፍሉ የሚያልቀው ወሬው መሐል ላይ ነው፤ አንዳንዴ ሴትዮዋ ቡና እየቀዳች እያለ ይቆረጣል። እንዲህ ተደርጎ የሚጻፍ ድራማ አለ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ሁለቱም ቅሬታዎችዎ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። ቱርክ ውስጥ አንድ ተከታታይ ድራማ የሚተላለፈው በሳምንት አንድ ቀን ሲሆን፣ የአንዱ ክፍል ርዝመት ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ይኸውም በየሳምንቱ የአንድ ሙሉ ፊልም ያህል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ በታሪክ ብቻ መሙላት ስለሚከብድ፣ ሁለቱ ፍቅረኞች ባሕር ዳርቻ ቆመው ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ ይተያያሉ። ድራማው ወደ ውጭ አገር ሲሸጥ ደግሞ ያው ክፍል አርባ አምስት ደቂቃ ያህል በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል። ደራሲው ልባችንን አንጠልጥሎ ሊተወን ያሰበው በሁለተኛው ሰዓት ማብቂያ ላይ ነበር፤ እርስዎ ጋ ሲደርስ ግን ያ ቦታ የሚገጥመው ከሦስት ምሽት አንዱ ላይ ብቻ ነው። በቀሩት ምሽቶች ድራማውን የሚዘጋው መቀስ እንጂ ደራሲው አይደለም። ሦስቱን ምሽት አከማችተው በአንድ ላይ ቢያዩት ቅርጹ ይመለስልዎታል፤ መተያየቱን ግን እኛም ልናሳጥርልዎ አንችልም።

ጥያቄ፦ አራዳ አካባቢ ፊልም በፍላሽ እጭናለሁ። ደንበኞቼ የሚወዱት በአማርኛ የተተረጎመውን ነው። ሰሞኑን አንዲት ደንበኛዬ ፍላሿን መልሳ አምጥታ «ገዳዩን ተርጓሚው አስቀድሞ ነገረኝ» ብላ ገንዘቧን ጠየቀችኝ። ከፍቼ ሳየው እውነቷን ነው። ገና ማንም ሳይጠረጠር፣ መርማሪው ሬሳው አጠገብ ቆሞ «ይህን ያደረገችው ቤቱን ታውቀዋለች» ይላል። በእንግሊዝኛው እንዲህ ያለ ፍንጭ የለም። ጥፋቱ የማን ነው? ገንዘቧንስ መመለስ ነበረብኝ?

መልስ፦ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ያከራከረን ይህ ነው። ጥፋቱ የተርጓሚው ነው፤ ሆኖም የወደቀበትን ጉድጓድ የቆፈረው የራሳችን ሰዋስው በመሆኑ ጥቂት ልናዝንለት ይገባል። እንግሊዝኛ ግሱ ላይ ጾታ ስለማይጽፍ፣ የፊልሙ ደራሲ ገዳይዋን ሁለት ሰዓት ሙሉ ከግሱ በስተጀርባ ሊሸሽጋት ይችላል። የእኛ ግስ ግን አድራጊውን በሆዱ ይዞ ይዞራል፤ «ገደለ» ካልን ወንድ፣ «ገደለች» ካልን ሴት፣ «ገደሉ» ካልን ብዙ ሰዎች ወይም አንድ የሚከበር ሰው ነው። ተርጓሚው ሥራውን የሚጀምረው ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይቶ ስለሆነ ጥፋተኛዋን ያውቃታል፤ ያወቀውም ነገር ከአፉ ያመልጠዋል።

መውጫ መንገድ ግን አላጣም ነበር። «ይህን ያደረገው ሰው ቤቱን ያውቀዋል» ቢል ኖሮ ማንም ተመልካች «እንግዲያው ወንድ ነው» ብሎ አይፈርድም ነበር፤ «ሰው» የሚለው ቃል በወንድ አንቀጽ ሲነገር ለሁለቱም እንደሚሆን ጆሯችን ለምዶታል። አድራጊውን ጨርሶ መጣል ሲያስፈልግም ተደራጊው ግስ አለ፤ «ደወለችልኝ» በሚለው ፈንታ «ተደወለልኝ» ወይም «ስልክ መጣልኝ» ይባላል። ስልክ ካነሣን አይቀር፣ ያልታወቀ ሰው ሲደውል እኛ «አንተ ማነህ» ወይም «አንቺ ማነሽ» አንልም፤ «ማን ልበል?» እንላለን። በዚህ ቃል ውስጥ ጾታም የለም፣ ዕድሜም የለም፣ ማዕረግም የለም። ለልብ አንጠልጣይ ፊልም ተርጓሚ ከዚህ የተመቸ ዓረፍተ ነገር ከየት ይመጣል? እስከ ዛሬ ባየናቸው ትርጉሞች ግን መርማሪዎቹ ስልክ አንሥተው የሚጮኹት «ማነህ አንተ!» እያሉ ነው።

ሌላም አለ። ገዳዩ ራሱ ፊቱን ሸፍኖ ወይም በጽሑፍ መልእክት ሲናገር አደጋ የለም፤ «እኔ ነኝ የገደልኩት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወንድም ሴትም ቢጽፈው አንድ ነው። አደጋው ያለው ሌሎች ስለ እርሱ ሲያወሩና መልስ ሲጽፉለት ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ተርጓሚ ፊልሙን ከመጀመሩ በፊት ገዳዩ የሚጠራባቸውን ቦታዎች ሁሉ ለይቶ ምልክት ማድረግ ይኖርበታል። ሁለት ገጽ ወረቀት የሚፈጅ ሥራ ነው።

ይህን ስንል አማርኛ ለልብ አንጠልጣይ ታሪክ አይመችም ማለታችን አይደለም። በአንድ በኩል የነሣንን መሸሸጊያ በሌላ በኩል ይመልስልናል፤ እንግሊዝኛ ፈጽሞ የሌለው የአክብሮት አነጋገር አለን። ተከታታይ ድራማ ውስጥ አንዲት ሴት የባሏን አባት ለሰባት ክፍል «እርስዎ» ስትል ትቆያለች እንበል። በስምንተኛው ክፍል ሌሎቹ ወጣ ሲሉ ወጡን በእንጀራው ላይ ታወጣና «ይብሉ» በማለት ፈንታ «ብላ» ትለዋለች። አንድ ቃል ናት። ሽማግሌው እጁን ከእንጀራው ላይ ያነሣል። ከእነርሱ በቀር ማንም አልሰማም፤ እኛ ግን ይህች ሴት ሁሉን እንዳወቀች፣ እርሱም እንደታወቀበት ተረድተናል። ይህንን ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው በተራው ይቸገር።

ስለ ገንዘቡ፦ ግማሹን ይመልሱላት፤ የቀረው ፊልሙን እስከ መጨረሻው ለማየቷ ይያዝ። ፍላሹ ላይ የተጫነው ፊልም በሕግ የማን ንብረት ነው የሚለውን ጥያቄ ደግሞ እርስዎም አላነሡትም፤ በሌላ እትም እኛው እናነሣብዎታለን።

ጥያቄ፦ ቁስቋም አካባቢ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የልጅ ልጄ «ጤዛ» የተባለውን ፊልም አሳየችኝ። የአገራችን ልጅ ሥራ ነውና ለመውደድ ተዘጋጅቼ ነበር የተቀመጥሁት፤ ሆኖም ታሪኩ ወደፊትና ወደኋላ እየዘለለ አደከመኝ። እርሷ ደግሞ «አባባ፣ ይሄ እኮ ልብ አንጠልጣይ ነው» ትለኛለች። ትክክል ናት?

መልስ፦ መምህራችን፣ ድካምዎን እንረዳለን፤ የዚህ አምድ አዘጋጅም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያየው ግማሹ ላይ አቁሞት ነበር። የፊልሙ ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 እዚሁ ጎንደር ተወለደ፤ አባቱ ደራሲና የቲያትር ሰው ነበሩ፣ ልጅየውም በልጅነቱ የአባቱን ቲያትሮች እያየ አደገ። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞቹን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማትን፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ላይ ታላቁን የየነንጋ የወርቅ ፈረስ አግኝቷል። የፊልም ጽሑፉ የተሸለመ መሆኑን ያዙልን፤ እርስዎን ያደከመው መዝለል በትክክል የተሸለመው ነገር ነው።

ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ ብዙ አይቶ፣ ወደ እናቱ መንደር አንድ እግሩን አጥቶ ይመለሳል። እግሩን ምን እንደነጠቀው እኛ አናውቅም፤ ትዝታው ራሱ የተሰባበረ ነውና በቁርጥራጭ ይመጣለታል። ፊልሙ ታሪኩን በተርታ ቢነግረን ኖሮ የአንድ ምሁር የሕይወት ታሪክ ይሆን ነበር። አሁን ግን የአንድን ሰው የገዛ ትዝታ እንደ ወንጀል መዝገብ እየመረመርን ነው የምንቀመጠው። ከጎኑ ደግሞ ለጦር ሜዳ እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ የተሸሸጉ ወጣቶች አሉ፤ የእናቶቻቸውን ፊት ሲያዩ የፈንጂው ምሳሌ ትዝ ይበልዎ። ስለዚህ የልጅ ልጅዎ ከግማሽ በላይ ትክክል ናት። ድራማ ነው፤ ነገር ግን ልብ የሚያንጠለጥል ጥያቄ በመሐሉ ተቀብሯል። እግሩን እንዴት እንዳጣ አልፈውት ከሆነ እኛም አንነግርዎትም፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዩ መዝለሉን አይከተሉት፣ እግሩን ይከተሉ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ እኔ ላየው ያሰብሁትን ፊልም ሁሉ መጨረሻ ይነግረኛል። ነገሩ የጠባይ ችግር ነው ወይስ እኔ ነኝ የማካብደው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አላካበዱም። ይሁንና ከልጅነት ትዝታችን ተነሥተን ለጓደኛዎ ትንሽ ጥብቅና እንቁም። እኛ ባደግንባቸው ቪዲዮ ቤቶች ፊልም ከመጀመሪያው ማየት የዕድል ጉዳይ ነበር። በር ላይ ያለው ልጅ ገንዘቡን ከተቀበለ ፊልሙ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም ያስገባል፤ ገቢውም አግዳሚው ላይ ሳይደላደል ጎረቤቱን «አክተሩ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጎረቤቱም ታሪኩን በሹክሹክታ ከሥር መሠረቱ ይነግረዋል። መናገር ደግነት ነበር። አንዱን ሕግ ደግሞ ማንም ሳይነግረን ሁላችንም እናውቅ ነበር፦ አክተር አይሞትም።

ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ»ን ሲያወጣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶቹን ያስገደዳቸው ይህንን ሕግ ሊያፈርስ ስለነበረ ነው። ስሟ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ዝነኛ ተዋናይት ጃኔት ሊ ግማሹ ሳይደርስ ትገደላለች፤ ዘግይቶ የገባ ሰው እስከ መጨረሻው «መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ይቀመጥ ነበር። ይህን በመናገራችን የጓደኛዎን ጥፋት እኛው ሠርተነዋል። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ ምስጢር በይርጋ ታግዷል ብለን እንከራከራለን። ጓደኛዎ የሚነግርዎት የዘንድሮውን ከሆነ ግን ፊልሙን ቀድመው አይተው ዝም ይበሉት፤ ሌላ መድኃኒት አላገኘንም።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አሥራ አራትና አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። አብሬያቸው ልቀመጥ የምችለው፣ ደም የማይፈስበትና ሪሞት እንድፈልግ የማያደርገኝ ልብ አንጠልጣይ ፊልም አለ? (ከመናኸሪያ አካባቢ)

መልስ፦ አለ፤ ያረጀ፣ ጥቁርና ነጭ፣ እንዲያውም ከአንድ ክፍል እምብዛም የማይወጣ ነው። የሲድኒ ሉሜት «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ 96 ደቂቃ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች አባቱን ገድሏል በተባለ ወጣት ላይ ለመፍረድ በሙቀት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸዋል። አሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» ሲሉ አንዱ ብቻ እጁን አያወጣም። ግድያውን አናይም፤ የምናየው ሰዎቹ ሲከራከሩ፣ ላባቸው ሲፈስና ሐሳባቸው ሲለወጥ ነው።

የእኛ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለ የሕዝብ ዳኝነት ስለሌላቸው ልጆችዎ መጀመሪያ ግር ሊላቸው ይችላል፤ ለማስረዳት ከአውጫጭኝ ይነሡ። በዱሮው ሥርዓት የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ መበተን አይፈቀድለትም ነበር፤ ምስጢሩን የሚያወጣው ሰው ስም ሳይጠራ «ወፍ ነገረኝ» ይባል እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። እዚያ የተዘጋበት ሕዝብ ጥፋተኛውን ይፈልጋል፤ በፊልሙ ውስጥ የተዘጋባቸው ሰዎች ደግሞ ጥፋተኛውን አግኝተናል ብለው ከገቡ በኋላ መጠራጠር ይጀምራሉ። ልጆቹ ይህን ልዩነት ይዘው ቢቀመጡ ይበቃል።

አንድ የቤት ሥራ ስጧቸው። ሉሜት ፊልሙን ሲጀምር ካሜራውን ከሰዎቹ ዓይን ከፍ አድርጎ ነው ያስቀመጠው፤ ክርክሩ እየጋለ ሲሄድ ወደ ዓይናቸው ትክክል፣ በመጨረሻም ከዚያ በታች ያወርደዋል፤ ሌንሱንም ግድግዳው የተጠጋ እንዲመስል እየለወጠ ይሄዳል። በዚህ የተነሣ መጀመሪያ ላይ የማይታየው ጣሪያ ኋላ ላይ በሰዎቹ ራስ ላይ ተጭኖ ይታያል። ጣሪያው መታየት የጀመረበትን ደቂቃ ከሦስታችሁ ማን ቀድሞ እንዳየው ጻፉልን።